ቅንፍን ያስቀሩት ሰው

በዚህ የመገናኛ መጽሔታችን የሕይወት ታሪክ ገጾች ላይ ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ ሐኪሞች፣ ስለ መምህራንና ስለ መንግሥት ሰዎች ነው። የሚገባቸው ናቸው። እኔ ዘንድሮ ላስተዋውቃችሁ የምፈልገው ግን የእኛ ግቢ ሰው ያልሆኑ፣ ከሞቱም 70 ዓመት ገደማ የሆናቸውን አንድ የሎጂክ ሊቅ ነው። ጨርሰን አናውቃቸውም ማለት አንችልም፤ በግማሽ እናውቃቸዋለን። ኮምፒውተር ሳይንስ ያጠና ሁሉ «ፖሊሽ ኖቴሽን» የሚባለውን ያስታውሳል። ፈተና ላይ ይመጣል፣ እንሠራዋለን፣ ከዚያ እንረሳዋለን። ፖሊሹ ማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን ከመካከላችን ስንት ሰው አለ?

ሰውየው ያን ዉካሼቪች ይባላሉ፤ ፖላንዳዊ ናቸው። ሥራቸው በስማቸው ሳይሆን በአገራቸው የተጠራው ስማቸው ለውጭ ሰው ምላስ ስለሚከብድ ነው ይባላል። ይህን የምጽፈው ስማቸውን ልመልስላቸው ብዬ ነው። (ስለ እሳቸው የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን የእሳቸው ነገር ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚለውን ልመልስ። እኔ የምሠራው ጎተራ ነው፤ ለነጋዴዎች የሽያጭና የሂሳብ ፕሮግራም እናዘጋጃለን። ነጋዴ ደግሞ ደምሮ የጨረሰውን ቁጥር ብቻ ማስገባት አይወድም። የዋጋው ሳጥን ውስጥ ስሌቱን እንዳለ መጻፍ ይፈልጋል፦ 3 × 1450 + 2 × 980። ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ በ1450፣ ሁለት ጣሳ ቀለም በ980 ማለቱ ነው። ለሰው ዓይን ቀላል ነው። ለኮምፒውተር ግን ይህ ቁጥር አይደለም፣ ጽሑፍ ነው። 1450 የሚለው ራሱ የአራት ምልክቶች ሰልፍ ነው። ፕሮግራሙ ከግራ ተነሥቶ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ይለቅማል፤ እስካሁን የያዘውን በ10 እያባዛ አዲሱን እየጨመረ ቁጥሩን ይገነባል፦ 1፣ 14፣ 145፣ 1450። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም።

ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ማሽኑ እንደ ርካሽ የእጅ ካልኩሌተር ከግራ ወደ ቀኝ ዝም ብሎ ከሄደ 3 በ1450 ሲባዛ 4350፣ 2 ሲጨመርበት 4352፣ ያ በ980 ሲባዛ ደግሞ 4,264,960 ብር ይላል። ትክክለኛው ሂሳብ 6,310 ብር ነው። ማባዛት ከመደመር እንደሚቀድም፣ ቅንፍ ደግሞ ከሁሉም እንደሚቀድም ልጅ ሳለን ተምረነዋል፤ ማሽኑ ግን እስኪነገረው ድረስ አያውቅም።

አንዳንድ ወጣት ፕሮግራመር እዚህ ላይ አቋራጭ ይወስዳል። ጽሑፉን እንዳለ ለፕሮግራሚንግ ቋንቋው ያስረክብና አስላልኝ ይለዋል። ፓይተንም ጃቫስክሪፕትም ለዚህ የሚሆን ትእዛዝ አላቸው፤ ይሠራልም። ነገር ግን ያ ትእዛዝ ሂሳብ ብቻ መርጦ አይሠራም፤ የተጻፈለትን ሁሉ ይፈጽማል። በቁጥር ፈንታ ፋይል የሚያጠፋ መስመር ቢጻፍለትም እሺ ነው የሚለው። ከማያውቀው ሰው ጽሑፍ የሚቀበል ፕሮግራም እንዲህ ዓይነት በር ክፍት መተው የለበትም። ስለዚህ ጠንቃቃ ፕሮግራመር ስሌቱን ራሱ አንብቦ ራሱ ይፈታዋል። እንዴት ብሎ መንገዱን ወደ ኋላ ከተከተለው መጨረሻ ላይ የሚደርሰው እኚህ ሰው ጋ ነው።

ዉካሼቪች የተወለዱት ዲሴምበር 21 ቀን 1878 ሌምበርግ በምትባል ከተማ ነው። ከተማዋ ያኔ በኦስትሪያ ሃንጋሪ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበረች፤ ፖላንዶች ልቩፍ ይሏታል፣ ዛሬ ልቪቭ ተብላ ዩክሬን ውስጥ ትገኛለች። በዚያን ጊዜ ፖላንድ የሚባል ነጻ አገር በካርታ ላይ አልነበረም። ሦስት ኃያላን መንግሥታት ተከፋፍለውት ነበር። አባታቸው በኦስትሪያ ጦር ውስጥ ሻምበል ነበሩ። ወጣቱ ዉካሼቪች በተወለዱበት ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሕግ ጀመሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ፍልስፍናና ሂሳብ ዞሩ። ዲፓርትመንት መቀየር የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

መምህራቸው ካዚሚየሽ ትቫርዶቭስኪ ነበሩ። እኚህ መምህር ከሁሉ በላይ የሚጠይቁት ግልጽነትን ነው፤ ያልጠራ አነጋገር ያልጠራ ሐሳብ ምልክት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ዉካሼቪች በ1902 ዶክትሬታቸውን በከፍተኛ ማዕረግ ሲቀበሉ ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ የአልማዝ ቀለበት ሸለሟቸው። በ1910 አሪስጣጣሊስ ስለ ተቃርኖ ሕግ ባለው ላይ መጽሐፍ አሳተሙ። አሪስጣጣሊስን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አልተለዩትም።

በ1915 የሩሲያ ጦር ዋርሶን ለቆ ጀርመኖች ገቡ፣ የዋርሶ ዩኒቨርሲቲም በፖላንድኛ ማስተማር ጀመረ። ዉካሼቪች ወደዚያ ተዛወሩ። በ1918 ፖላንድ ነጻነቷን አገኘች። በማግስቱ ዓመት ታዋቂው ፒያኖ ተጫዋች ኢግናሲ ፓዴሬቭስኪ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ካቢኔ ሲያቋቁሙ ዉካሼቪች የሃይማኖት ጉዳዮችና የሕዝብ ትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ከሥልጣኑ ሲወርዱ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ፤ እስከ 1939 ድረስም አልወጡም። በዚህ መካከል ሁለት ጊዜ፣ በ1922 እና በ1931፣ የዩኒቨርሲቲው ሬክተር ሆነው ተመርጠዋል።

ከስታኒስዋቭ ሌሽኔቭስኪ ጋር ሆነው ዋርሶን የዓለም የሎጂክ መዲና ያደረጓት በዚህ ዘመን ነው። ገና በቅርቡ የተቋቋመ አገር፣ ገና እግሩን የተከለ ዩኒቨርሲቲ ነው እኮ! ከዚያ ክፍል ግን እነ አልፍሬድ ታርስኪ ወጡ። ዉካሼቪች ራሳቸው በ1920 ከእውነትና ከሐሰት ሌላ ሦስተኛ ዋጋ ያለው ሎጂክ አሳዩ። ነገ የሚሆነው ነገር ዛሬ እውነት ነው ወይስ ሐሰት? አሪስጣጣሊስ ስለ ነገው የባሕር ውጊያ ያነሣው ጥያቄ ነው። ዉካሼቪች ገና ያልተወሰነ፣ ሊሆን የሚችል የሚባል ሦስተኛ ዋጋ ሰጡት። በሕይወታቸው የሚኮሩበት ሥራ ይህ ነበር። ዓለም የያዘላቸው ግን ሌላውን፣ ትንሽ የሚመስለውን ነው።

ትንሹ ነገር በ1924 የመጣ ነው። የሎጂክ ቀመር ሲረዝም ቅንፍ በቅንፍ ላይ ይደራረባል። አንዷ ቅንፍ ከተዘለለች ትርጉሙ ይለወጣል፤ ለመቁጠርም ያደክማል። ዉካሼቪች መፍትሔውን ያገኙት ምልክቱን ከመሐል አንሥተው ፊት ላይ በማስቀመጥ ነው። 2 + 3 ከማለት + 2 3 ማለት ነው። በሁለት ቁጥር መሐል የቆመ ምልክት የትኛውን ከየትኛው እንደሚያገናኝ ያከራክራል፤ ፊት የቆመ ምልክት ግን ቀጥለው የሚመጡትን ሁለቱን ይይዛል፣ አለቀ። ስለዚህ ቀመሩ የፈለገውን ያህል ቢረዝም አንድ ቅንፍ አያስፈልገውም። ማን ይቀድማል የሚል ሕግም አያስፈልገውም።

የአዲስ አበባ ሰው ይህን በመንገድ ቢያስበው ይቀለዋል። ቅንፍ ማለት መስቀለኛ መንገድ ላይ የቆመ ትራፊክ ፖሊስ ነው፤ አንተ ቁም፣ አንተ እለፍ ይላል። ዉካሼቪች ፖሊሱን በሌላ ፖሊስ አልተኩም። መንገዱን ራሱን እንደ ጎተራ ማሳለጫ አድርገው ሠሩት፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ያልፋል፣ ማንም ማንንም አያስቆምም።

በኋላ የመጡ ሰዎች ምልክቱን ከፊት ወደ መጨረሻ አዞሩትና 2 3 + አሉ። የተገለበጠው ፖሊሽ የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ተማሪ ሲያየው ግራ ይጋባል። አማርኛ ተናጋሪ ግን ግራ የሚጋባበት ምክንያት የለም፤ እኛ ድሮም የምንናገረው እንዲሁ ነው። ግዕዝ ብዙ ጊዜ ግሱን ያስቀድማል፤ እሱ የዉካሼቪች አጻጻፍ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያደርጋል፤ ይህ የተገለበጠው ነው። ሁለትና ሦስትን ደምረህ በአራት አባዛው ስንል 2 3 + 4 × ማለታችን ነው፤ መልሱ 20። ሦስትን በአራት አባዝተህ ሁለት ጨምርበት ስንል 3 4 × 2 + ነው፤ መልሱ 14። በንግግር ውስጥ ቅንፍ ከፍቶ የሚዘጋ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደምረህ፣ ቀንሰህ፣ አባዝተህ የሚለው «ህ» ቅንፉን ይተካዋል።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም ስሌታቸውን የሚያስኬዱት በዚህ ቅደም ተከተል ነው። የ2018 ዓ.ም. አበቅቴ ስንት ነው? 5500 ላይ 2018 ጨምር፣ ለ19 አካፍለህ ቀሪውን ያዝ፣ አንድ ቀንስ፣ ወንበሩን በ11 አባዛ፣ ለ30 ገድፈህ ቀሪውን ውሰድ። ለማሽን ሲጻፍ፦ 5500 2018 + 19 ቀሪ 1 − 11 × 30 ቀሪ። 7518፣ ከዚያ 13፣ ከዚያ 12፣ ከዚያ 132፣ በመጨረሻ 12። አበቅቴው 12 ነው። የአብነት ተማሪ በቃሉ የሚያወርደውን ኮምፒውተሩ ቃል በቃል በዚያው ተራ ይፈጽመዋል።

ወደ ሰውየው ልመለስ። በሴፕቴምበር 1939 ጀርመን ፖላንድን ስትወር የዉካሼቪች ቤት በቦምብ ተመታ። መጻሕፍታቸው፣ ደብዳቤዎቻቸው፣ የጻፉት ሁሉ ተቃጠለ። በአሪስጣጣሊስ ሎጂክ ላይ በፖላንድኛ ያዘጋጁት የነበረው መጽሐፍም አብሮ ሄደ። ዕድሜያቸው 60 አልፎ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። የሁለት ጊዜ ሬክተርና የቀድሞ ሚኒስትር በከተማው መዝገብ ቤት ተቀጥረው ሠሩ። በስውር ግን ማስተማራቸውን ቀጠሉ። የዋርሶ መምህራን በየመኖሪያ ቤቱ ተማሪ እየሰበሰቡ ዩኒቨርሲቲያቸውን በድብቅ ያካሂዱ ነበር፤ መያዝ ሞት ሊሆን ይችላል። ሕንፃም ቤተ መጻሕፍትም ማህተምም አልነበራቸውም፤ የነበራቸው መምህርና ተማሪ ብቻ ነበር።

ከዚያ ክፍል የወጡት ልጆች ዕጣ የተለያየ ነው። ታርስኪ ጦርነቱ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ለስብሰባ አሜሪካ ሄደው ስለነበር በዚያው ቀሩ፤ በርክሌይ ውስጥ ትልቅ የሎጂክ ማዕከል አቋቋሙ። በሦስት ዋጋው ሎጂክ ላይ ታላቅ ሥራ የሠሩት ሞርድሃይ ቫይስበርግ አይሁዳዊ ነበሩ፤ በናዚዎች እጅ ጠፉ። ተማሪዎቹን ሁሉ መልሶ አንድ ክፍል ውስጥ የሰበሰበ ቀን አልመጣም።

በጁላይ 1944 ዉካሼቪች ከባለቤታቸው ከሬጊና ጋር ዋርሶን ለቀው ወጡ። ያስወጧቸው ሃይንሪሽ ሾልትስ የሚባሉ በሙንስተር ዩኒቨርሲቲ የሎጂክ መምህር ናቸው፤ ጀርመናዊ ናቸው። አገራቸው የጠላትነት ሥራ በምትሠራበት ሰዓት ለሙያ ወዳጃቸው በር ከፈቱ። ባልና ሚስቱ በወጡ በሁለት ሳምንት ገደማ የዋርሶ ሕዝብ ተነሣ፣ ከተማዋም ተደመሰሰች። ጦርነቱ ሲያልቅ የሶቪየት ጦር በገባበት አገር መኖር አልታያቸውምና ወደ ቤልጅየም ተሻገሩ። ዕድሜያቸው 67 ገደማ ነው፤ አገር የለም፣ መጽሐፍ የለም። ከእኛ መካከል ብዙዎች በደርግ ዘመን በሱዳንና በኬንያ በኩል የወጡ ስላሉ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም።

በ1946 አየርላንድ ተቀበለቻቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤሞን ደ ቫሌራ ራሳቸው የሂሳብ መምህር የነበሩ ናቸው፤ እኛም እናውቃቸዋለን፤ ጣሊያን በወረረችን ጊዜ በመንግሥታት ማኅበር ውስጥ ማዕቀቡን ደግፈው ከቆሙት አንዱ ነበሩ። የአየርላንድ ሮያል አካዳሚ ለዉካሼቪች የሎጂክ ፕሮፌሰርነት ሰጣቸው። ደብሊን ተቀምጠው የተቃጠለውን መጽሐፍ ከጭንቅላታቸው እንደ አዲስ ጻፉት፣ ያውም በእንግሊዝኛ። በ1951 በኦክስፎርድ ታተመ። የአሪስጣጣሊስ ሎጂክ ዛሬ በዘመናዊ ዓይን የሚጠናው በዚያ መጽሐፍ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1956 ደብሊን አረፉ፣ እዚያው ተቀበሩ።

ቀጥሎ የሆነውን አላዩም። በ1957 ቻርልስ ሃምብሊን የሚባሉ አውስትራሊያዊ ፈላስፋ፣ ሎጂክ ስለሚያውቁ፣ የዉካሼቪችን አጻጻፍ ገልብጠው ለኮምፒውተር አዋሉት። በዚያው ዓመት ገደማ ጀርመን ውስጥ ባወርና ሳሜልሶን ለዚሁ የሚያስፈልገውን ቁልል፣ «ስታክ» የምንለውን፣ አሰቡ። ቁልል እንደ መሶብ እንጀራ ነው፤ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው መጀመሪያ ይነሣል። አዲስ ለሚቀጠሩ ልጆች ሳስረዳ ሰፈራችን ስሙን ያገኘበትን የእህል ጎተራ በመስኮት አሳያቸዋለሁ፤ ያ ተቃራኒው ነው፣ ከላይ ቀድሞ የገባው እህል ከታች ቀድሞ ይወጣል።

የነጋዴውን ስሌት በቁልል እንፍታው፦ 3 1450 × 2 980 × +። ቁጥር ሲመጣ ቁልሉ ላይ አስቀምጥ፤ ምልክት ሲመጣ ከላይ ሁለቱን አንሣ፣ አስላ፣ መልሱን መልስ። 3 እና 1450 ተነሥተው 4350 ተቀመጠ። 2 እና 980 ተነሥተው 1960 ተቀመጠ። መደመሪያው ሲመጣ ሁለቱን አንሥቶ 6310 አስቀመጠ። መጨረሻ ላይ ቁልሉ ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ ከቀረ ጽሑፉ ትክክል ነበር፤ ሁለት ከቀረ ወይም ቁልሉ ቀድሞ ባዶ ከሆነ ነጋዴው የሆነ ነገር ዘሏል፣ ፕሮግራሙም ይነግረዋል።

ነጋዴው ግን የሚጽፈው ምልክቱን መሐል አድርጎ ነው። ያንን ወደዚህ የሚለውጠውን ዘዴ በ1961 የጻፉት ሆላንዳዊው ኤድስኸር ዳይክስትራ ናቸው። ስሙን ያወጡለት ፉርጎ ከሚቀያየርበት የባቡር ጣቢያ ነው፤ ለገሀር ሰፈር ያደገ ሰው ይገባዋል። ቁጥሮች በዋናው ሐዲድ በቀጥታ ያልፋሉ። ምልክቶች ወደ ጎን ሐዲድ ይገባሉ፤ አዲስ ምልክት ሲመጣ እዚያ የቆመው በጉልበት ከእሱ የሚበልጥ ወይም የሚተካከል ከሆነ ቀድሞ ይወጣል፣ ደካማ ከሆነ ይቆያል። ቅንፍ ሲዘጋ እስከ ከፋቹ ድረስ ያለው ሁሉ ይወጣል፤ ቅንፎቹ ራሳቸው ይጣላሉ። ይኸው ነው። ጥቂት ደርዘን መስመር ፕሮግራም ይበቃዋል።

በ1972 ሂውሌት ፓካርድ ያወጣው የመጀመሪያው የኪስ ሳይንሳዊ ካልኩሌተር የተገለበጠውን ፖሊሽ ይጠቀም ነበር፤ የእኩልነት ምልክት ቁልፍ አልነበረውም። የጃቫ ማሽንም፣ ፓይተንም በውስጣቸው ስሌትን የሚፈቱት በቁልል ነው። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ካልኩሌተር ቅንፍ ያለበትን ሂሳብ ሲፈታ በአንድም በሌላም መንገድ የዚህ ሐሳብ ዘመድ እየሠራ ነው።

በኖቬምበር 2022 የዉካሼቪች አፅም ከደብሊን ተነሥቶ ዋርሶ በሚገኘው የፖቮንዝኪ መካነ መቃብር ዐረፈ። ከሞቱ 66 ዓመት አልፎ ነበር።

ከመካከላችን ዛሬ በየዩኒቨርሲቲውና በየኮሌጁ ዳታ ስትራክቸር የምታስተምሩ ብዙ ናችሁ። ቁልልን ስታስተምሩ ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ምሳሌውን በአማርኛ አስጀምሩት፤ ደምረህ አባዛው በሉ፣ ልጆቹ ሳይነገራቸው ግማሹን ያውቁታል። ሁለተኛ፣ ሰሌዳው ላይ ፖሊሽ ብላችሁ ስትጽፉ ከጎኑ የሰውየውን ስም ጻፉ። ያን ዉካሼቪች። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።